ውዲቱ ማን ትባል?

በአንድ ወቅት፣ ቡሬ አጠገብ፣ እናት አባታቸው የሞቱባቸው ሦስት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ደምለው፣ በላቸውና ጓንጉል።

ትንሹን ጓንጉልን ክፉኛ ጆሮ ደግፍ ያዘው፤ ትኩሳቱ ራሱን አሳተው። ጎረቤቱ «ይጋባል» ብሎ ሸሸ። ታላቁ ደምለው ግን፣ ገና የሃያ ዓመት ጎረምሳ፣ አቅፎት ሰነበተ። ባጎረሰበት እጁ እየጎረሰ አዳነው። ከዚያ በሽታው ወደ ደምለው ዞረ፤ ከመንጋጋው አልፎ ቆለጡን አሳበጠው። ይህን ለማን ይናገር፣ ነውር አይደል! «ብርድ ነው» ብሎ እሳት ዳር ተቀመጠ፣ በትኩስ ጨው ተኮሰው፣ የሆዱን በሆዱ ይዞ ዳነ።

ትጓደድ የምትባል ልጅ አገባ። አሥራ አንድ ዓመት ልጅ የለም። አገር «መካን» ያለው እሷን ነው፤ ያልተጠመቀችበት ጠበል አልነበረም። በመጨረሻ ደምለው ሐኪም ቤት ሄዶ፣ የያኔውን ሕመሙን ሁሉ ተናግሮ፣ ዘሩን አስመረመረ።

«ጺምህም ጉልበትህም ደህና ነው» አለው ሐኪሙ። «ዘር የሚሠራው የቆለጥህ ፍሬ ክፍል ግን በዚያ በጆሮ ደግፍ ሞቷል። ፍሬው ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ሙቀት ስለማይስማማው ነው፤ አንተ ደግሞ ጭራሽ አሞቅከው።»

ደምለው ቤቱ ገባና ትጓደድን «መካኑ እኔ ነኝ። ሂጂ፣ ወልደሽ ሳሚ» አላት። እያለቀሰች ሄደች። በሁለተኛው ዓመት መውለዷን ሲሰማ ደስ አለው፤ ከዚያ በሩን ዘግቶ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

በዚያው ሰሞን ጓንጉል አንዲት ልጅ አስረግዞ ወደ መተማ፣ ወደ ሰሊጥ አጨዳ ነጎደ። ልጅቱ በወሊድ ሞተች። ደምለው ሕፃኗን ሊወስድ ሮጠ፤ «ኧረ ተው፣ የወንደላጤ ቤት ጡት አለው እንዴ?» አሉት። መካከለኛው በላቸው ወሰዳት። ሚስቱ ከገዛ ልጇ ጋር አጠባቻት፣ ውዲቱ አሏት፣ ለሰባት ዓመት በቃች።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ልትመዘገብ ሆነ። የአባት ስም ሊጻፍ ነው ሲባል ጓንጉልም ከመተማ ከተፍ አለ። ሦስቱም መዝጋቢው ፊት ቆሙ።

«ዘር ከልጓም ይስባል» አለ ጓንጉል። «ልጅነት አሳወረኝ እንጂ ደሜ ናት።»

«ስትታመም ሳልተኛ ያደርኩት እኔ ነኝ» አለ በላቸው። «ከአራቱ ልጆቼ ለይቻት አላውቅም፤ ዛሬ በስም ልለያት?»

«ጓንጉልን ያተረፍኩት ዘሬን ከፍዬ ነው» አለ ደምለው። «ያን ጊዜ ብሸሽ ኖሮ እሱም የለ፣ እሷም የለች። እናንተ ሌላ ትወልዳላችሁ። የእኔ ስም ግን አብሮኝ ይቀበራል።»

መዝጋቢው ብዕሩን አነሳ።

«ውዲቱ ብዬ ጽፌያለሁ። ውዲቱ ማን?»

እስቲ ፍረዱ፤ ውዲቱ ማን ትባል?