የጉንዳኖቹ አዲስ ጎተራ

“እኔ ሳወራ ጆሮሽን እንጂ አፍሽን አታምጪ” ትለኝ ነበር በልጅነቴ ተረት የምትነግረኝ እትዬ ብርቄ። እኔም ልጄን እንደዚያው ብያት ጀመርኩላት፦ ጆሮሽን ስጪኝ፣ ተረቴን እንኪ።

በሳር ሜዳ መሀል አንዲት የጉንዳን ከተማ ነበረች። ጉንዳኖቹ የሳር ዘር ለቅመው፣ ደጃፋቸው ላይ ፈልፍለው፣ እዚያው ጎተራ ውስጥ ይከቱ ነበር። አንድ ቀን ችኩሉ ጉንዳን ተነሣና፣ “እዚህ ተጨናነቅን እኮ! ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሥራችንን ወደ ዳር እናውጣው” አለ።

ዔሊ ሰምታ፣ “ሥራው ዳር ከሄደ እናንተስ በየት ታልፋላችሁ?” ብላ ጠየቀችው።

“አይ እትዬ ዔሊ! አንቺ ደግሞ ስለ መንገድ ምን ታውቂያለሽ?” ብሎ ሳቀባት።

በየዳርቻው ጎተራ ተሠራ። ወደየጎተራው መንገድ ወጣ፤ መንገዱ ሲጣበብ ሌላ መንገድ ተጨመረ። አንዲት እናት ጉንዳን ልጆቿ ሳይነቁ ወጥታ ከተኙ በኋላ ትገባለች። “ግድ የለም፣ ክረምት ሲገባ ይጠግቡልኛል” ትላለች።

የመልቀሚያው ወቅት ደረሰ። እናቲቱ ከሰፊው ጎተራ በር ላይ ቆማ ግራ ቀኙን ብታይ፣ አንዲት የሳር ቅጠል እንኳ የለችም።

“እትዬ ዔሊ! ኧረ ሳሩ የት ሄደ? ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?” ብላ ጮኸች።

ዔሊ መሬቱን አየችና፣ “የቆምሽበት እኮ ሳር ነበር፣ ልጄ” አለቻት።

ተረቴን ሰጠሁ፣ አፌን ዘጋሁ።

እኔ ወጣሁና ከግቢው ጥግ፣ ሳር እየረገጥኩ የምደርስበትን የልብስ ማስጫ ገመድ ፈትቼ፣ በራችን አጠገብ አሰርኩት።