እመት አህያ ያራገፈችው ኮምፒውተር

አንድ ጊዜ፣ ድርቅ በጠናበት ጫካ ውስጥ፣ ውኃ የቀረው በአንድ ጉድጓድ ብቻ ነበር። ንጉሡ አያ አንበሶ እንስሳቱ እንዳይረጋገጡ ብሎ የውኃ ተራቸውን በኮምፒውተር አስመዘገበ፤ ስሙ ከዚያ ሳይነበብ የሚጠጣ የለም። መዝጋቢው አያ ጅቦ ነበር። ከሌላ ጫካ መጥቶ «የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ» ሲላቸው አመኑት፤ ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ማለት ይኸው ነው።

ጅቦ ያገኘውን አጥንት ሁሉ ፎቶ እያነሳ ሃርድ ዲስኩን ሞላው። የተራው ዝርዝር ቦታ ሲያጣ እየተቆራረጠ ክፍተት በተገኘበት ሁሉ ተወሸቀ። ስለዚህ ጠዋት የተከፈተ ዝርዝር ስሞቹን የሚያሳየው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሆነ። እንስሳቱ በጥም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይወድቁ ጀመር።

ቀበሮ ዲስክ የሚያፈጥን ፕሮግራም አለኝ ብሎ መጣ፤ ዋጋው አንድ የሰባ ዶሮ ነው። ጅቦ ጫነው፤ ኮምፒውተሩ ባሰበት። ሁለተኛ ዶሮ ተከፍሎ ሁለተኛ ተጫነ፤ ጭራሽ ተኛ።

«ያልሮጠው ጭነቱ አንሶት ነው» አለ ጅቦ።

ይኼኔ ሁለት ቀን ውኃ ያልቀመሰችው እመት አህያ ከሰልፉ ወጥታ አንበሶ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ መጫንን እኔ አውቃለሁ። ሲጭኑት የፈጠነ አላየሁም፤ ይራገፍለት» አለች።

ቀበሮ ሳቀባት። ካልተሳካላት የውኃ ተራዋን ለጅቦ እንድትለቅ ጠየቀ። እሷም አንገቷን ሳትደፋ እሺ አለች።

መጀመሪያ የቀበሮን ፕሮግራሞች አወጣች። የአጥንቶቹን ፎቶዎች ወደ ሌላ ዲስክ ስታዛውር ጅቦ አለቀሰ። ከዚያ የተበታተነውን ዝርዝር ሰብስባ አንድ ላይ አስቀመጠችው፤ አንድ ቁና እህል ከአሥር ቤት መልቀምና ከአንድ ጎተራ መጫን እኩል እንዳልሆነ ታውቃለችና። ዲስኩንም እስከ አፉ አልሞላችውም፤ መተንፈሻ የሚሆን ባዶ ቦታ ተወችለት።

አንበሶ ዝርዝሩን ከፈተ። ጭራውን አንዴ ሳያወዛውዝ ስሞቹ ተደረደሩ። አዲስ ስም ሲጽፍም ወዲያው ተመዘገበ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አላት ንጉሡ፣ የዕለቱን የመጀመሪያ ተራ ለእሷ እየሰጠ።

እመት አህያ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ቀበሮን አየችው።

«ጀርባዬ» አለች፤ ወደ ጉድጓዱም ኮራ ብላ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ በዘገየ ነገር ላይ ሌላ ከመጫን ያለበትን ማራገፍና ማደራጀት እንደሚቀድም፣ ይህንንም ጭነትን ከቀመሰ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ነው።