ሐጂ ጀውሀር ያልሸጡት ብስኩት

ግንቧ ግማሹ በፈረሰ አንዲት የቆላ ከተማ ውስጥ ሐጂ ጀውሀር የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ። ሚዛናቸው የታመነ፣ አንደበታቸው የተቆጠበ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜ ግን ተጭኗቸዋል። ጉልበታቸው በሰላት ለሱጁድ ሲታጠፍ ይንቋቋል፤ ሱቃቸውንም የሚከፍቱት ከፍላጎት ይልቅ በልማድ ነበር።

በዚያ ዘመን በቆርቆሮ የታሸገ ብስኩት ከባሕር ማዶ ይመጣ ጀመር። እናቶች “ልጅ ያወፍራል” ተባብለው ተሻሙበት። እንቁላላቸውንና ሽምብራቸውን እየሸጡ ብስኩት ይዘው ይገባሉ። ሐጂም ሸጡ። እየዋለ እያደረ ግን የልጆቹ መክሳት ከዓይናቸው አላመለጠም።

አንድ ቀን ወደ አመሻሹ፣ ከአስር ሰላት በኋላ ረውዳ የምትባል እናት ከገጠር በእግሯ መጣች። የእንቁላል ዘንቢሏን ደጃፉ ላይ አኑራ ዘፍ አለች። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን የማልቀስ አቅም እንኳ አልነበረውም።

“ሐጂ፣ እንቁላሉን ውሰዱና ብስኩቱን ስጡኝ።”

“እቤትሽ ሽምብራ የለም? ዱባስ?”

“አለ። እሱማ የድሃ ምግብ ነው። ልጄን የደህና ሰው ምግብ ላብላው ብዬ ነው።”

ሐጂ ወደ መደርደሪያው አዩ። ጥሪታቸው ሁሉ የፈሰሰው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ስለ ብስኩቱ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ነገ ገበያው ሁሉ ይሰማታል። ወደ ረውዳ ዞሩ።

“አልሸጥልሽም ልጄ። ስኳርና ፉርኖ ዱቄት ነው፤ ሆድ ያታልላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። አንቺን እናትሽ በምን አሳደገችሽ?”

የረውዳ እንባ መጣ። “እናቴማ ገብስና ሽምብራ ቆልታ፣ ሰሊጥ ጨምራ ትፈጭና ታገነፋልን ነበር... ደክሞኛል ሐጂ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት እምቢ ልባል ነው?”

“እኔም ደክሞኛል። ግቢ፣ እህልና ሰሊጥ ከኛ ቤት አይጠፋም።”

ከባለቤታቸው ከእሜቴ ሽኩሪያ ጋር ረውዳ እናቷ ታደርግ እንደነበረው ቆልታ ፈጨች፤ ገንፎውን ከእንቁላል ጋር አበሰለችው። ሕፃኑ የጣት ጫፍ ያህል ቀመሰና አንቀላፋ።

ሐጂ ከዚያ ወዲያ ለመጣ ሁሉ እውነቱን ተናገሩ። “ብስኩት ለድሃ አይገባም አሉ፤ ድሃ ናቁ” ተብለው ታሙ። ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ዞረ፤ ብስኩቱም እንደታሸገ ሻገተ።

የረውዳ ልጅ ቶሎ አልዳነም። ብዙ ጊዜ ተስፋ አስቆርጧታል። እሷ ግን ገንፎውን፣ ዱባውን፣ እንቁላሉን ሳታቋርጥ አበላችው። አዝመራው ሲገባ ልጁ ተነስቶ ዳዴ አለ። ያዩ ጎረቤቶቿ ከየቤታቸው እፍኝ እፍኝ እህል እያመጡ ከእሷ ጋር ይቆሉና ይፈጩ ጀመር።

ሐጂን አንድ ወዳጃቸው “ንግድዎ ጠፋ፤ አይቆጭዎትም?” ቢላቸው፣

“ሪዝቄን፣ እንጀራዬን፣ ከሕፃን ጉንጭ ላይ ቀንሼ አልበላም” አሉ።

ወገኖቼ፣ ደግ ሰው አይደክመውም ያለን ማነው? ሐጂ ደክሟቸው ነበር፤ ረውዳም ዝላ ነበር። አላህ በጓሯችን ያበቀለውን ኒዕማ፣ ያን ጸጋ፣ የምንንቀውም፣ ለገዢ እውነቱን የምንደብቀውም ብዙ ጊዜ ሲደክመን ነው። ልጅ ግን አማና፣ የአላህ አደራ፣ ነው፤ ደከመኝ ተብሎ መንገድ ላይ አይቀመጥም።