ሽማግሌዎች ያስጠፉት ዛቻ

አንድ አባት ነበረ። ወፍጮ ቤት ያለው፣ ዱቄት ለብሶ የሚወጣ የሚገባ፣ ከማንም የማይጣላ ሰው። ከተማውን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ "እሰይ፣ የእኛ አይደለም" ብላችሁ ትገላገላላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ይህ አባት ረድኤት የምትባል ልጅ አለችው። ኮሌጅ ገብታ ሒሳብ አያያዝ የምትማር፣ ሳቋ ከውጭ በር የሚሰማ፣ እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ጋር የምትቆም ልጅ። አንዳንድ ቀን ስትዘምር የተቀረጸችውን በስልኳ ኢንተርኔት ላይ ትለቃለች። ጥፋት ከተባለ እንግዲህ ጥፋቷ ይኼው ነው።

እዚያው ሰፈር ደግሞ ይድነቃቸው የሚባል ወጣት አለ። አብረው ነው ያደጉት። ወደዳትና ጠየቃት። "ይቅርብን፣ እኔ እንደ ወንድም ነው የማይህ" አለችው። በጨዋ ደንብ ነው የነገረችው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሴት ልጅ "አልፈልግም" ማለት ትችላለች ወይስ አትችልም?

መልሱልኝ እንጂ! አያችሁ፣ ድምፃችሁ ቀነሰ።

ከዚያ ወዲያ ልጁ እሷ በምትለቀው ቪዲዮ ሥር መጻፍ ጀመረ። መጀመሪያ ስድብ ነበር፤ እዚህ ቆሜ የማልደግመው ስድብ። ቀጥሎ ነገሩ ስለ ሴት ሁሉ ሆነ። ሴት ሁሉ እንዲህ ናት፣ ሴት ሁሉ እንዲያ ናት፣ ካልተቀጠቀጡ አይገባቸውም። ከዚያ ጓደኞቹ ባሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የእነ ረድኤትን በር ፎቶ አንሥቶ ለጠፈ። ከሥሩም "አንድ ቀን ከዚህ በር ስትወጣ ፊቷን እናቷም አትለየውም" ብሎ ጻፈበት።

ጓደኞቹ ምን አሉት? ሳቁ። ያችን ከሳቋ ብዛት የምታለቅስ የስልክ ምስል ደረደሩለት። "አንተ እብድ፣ ገደልከን እኮ!" አሉት። አንድ እንኳን "ተው፣ ነውር ነው" ያለው የለም። ከእነሱ ውስጥ ደግሞ እሑድ ጠዋት ከረድኤት ጋር ቆመው የሚዘምሩ ነበሩ። በስልካቸው የሳቁባትን ልጅ አጠገቧ ቆመው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላሉ።

ከልጆቹ የአንዱ እህት ይህን በወንድሟ ስልክ አየችና ከዚያው ለረድኤት ላከችላት። ረድኤት ለእናቷ አሳየች። እናትየዋ ለአባት ነገረች። አባትየው ተቆጥቶ ወደ ልጁ አባት፣ ወደ አቶ አሰግድ ቤት ሄደ።

አቶ አሰግድ ሰምተው ሲጨርሱ ሳቁ። "ወይ አንተ! ለዚህ ነው እንዲህ የገነፈልከው? ስልክ ላይ እኮ ነው የጻፈው! የዘንድሮ ልጅ ሥራው ይኼ ነው። የእኔ ልጅ እንኳን ሰው ሊመታ ዶሮ ሲታረድ ከቤት የሚሸሽ ልጅ ነው።"

ስልክ ላይ እኮ ነው!

ይህ ወጣት ዱላ ይዞ እበሯ ላይ ቆሞ ያንኑ ቃል ቢጮኸው ኖሮ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣ አልነበረም? ይወጣ ነበር። ስልክ ላይ ሲጽፈው ግን ጨዋታ ሆነ። ለመሆኑ ስልኩ ራሱ ነው የጻፈው? የጻፈው እጅ የማን እጅ ነው? ያን ቃል ያፈለቀው ልብ የማን ልብ ነው? ጌታ ስለ ሰው አፍና ስለ ሰው ልብ ያስተማረውን ታውቁታላችሁ፤ እኔ ለእናንተ መድገም የለብኝም።

ረድኤት "አባዬ፣ ፖሊስ ጋ እንሂድ" አለች። አባትየውም ልቡ ተነሥቶ ነበር። ግን የሰፈር ወሬ እግር አለውና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቀደሙት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጡ። ፊት ፊት የሚሄዱት ጋሽ በየነ ናቸው፤ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ፣ ስንቱን የወንድማማች ጠብ ያበረዱ የተከበሩ ሰው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሽማግሌ የለም። ደሜን የሚያፈላው ይኼ ነው!

"ልጁ የፈተና ዓመቱ ነው" አሉ ጋሽ በየነ፣ ሶፋው ላይ ተመቻችተው። "ስሙ ፖሊስ ጋ ከገባ አለቀለት። እንዲያው በእንቶ ፈንቶ የሰው ልጅ ሕይወት እናበላሽ?"

የማን ሕይወት? እስቲ ንገሩኝ፣ በዚያ ቤት እንዳይበላሽ የሳሳንለት የማን ሕይወት ነው?

ረድኤት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። "ጋሽ በየነ፣ እኔ እኮ እፈራለሁ" አለች። "ኮሌጅ ስሄድ ከኋላ ከኋላዬ እያየሁ ነው የምሄደው።"

"አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እኛ እያለን?" አሏት።

እኛ እያለን! ምን ሊያደርጉላት ነው? ኮሌጅ ሊያመላልሷት ነው? በእርግጥ ከቅን ልብ ነው የተናገሩት። ነገር ግን ቅን ልብ ብቻውን ማንንም ከቢላ አያድንም።

ልጁን አስገቡት። አንገቱን ደፍቶ ገባ። የአባቷን ጉልበት ሳመ። የጋሽ በየነን ጉልበት ሳመ። ዞሮ ዞሮ የተቀመጠውን ሽማግሌ ሁሉ ጉልበት ሳመ። አባትየውም ትከሻውን ይዞ አነሣውና "ይቅር ብዬሃለሁ" አለው። ሽማግሌዎቹ "እሰይ! እሰይ! የአባት ወግ ይኼ ነው" አሉ።

እሷስ? እሷን ማን አስታወሳት?

ለመሆኑ የተዛተው በአባትየው ፊት ላይ ነበር? በጋሽ በየነ ፊት ላይ ነበር? የተበደለችው አንዲት ልጅ ሆና ሳለ ቤቱ ሙሉ ሰው ይቅርታ ተጠየቀ፣ እሷ ብቻ ግድግዳ ስር ቀረች! ልጁስ ከዚያ ቤት ምን ተምሮ ወጣ? እሷ የምትቆጠር ሰው እንዳልሆነች ተማረ። ግሩፑ ላይ ሲጽፈው የከረመውን ነገር አባቶች ተሰብስበው አጸኑለት።

ይኼም አልበቃ። ጋሽ በየነ ለመነሣት ሲሉ "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ ያን ስልክ አምጪው" አሏት። "ያለሽን ነገር አጥፊው። ይቅር ያለ ሰው ቂሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ አይዞርም።"

እሷ መቼ ይቅር አለች? ማንስ ጠየቃት? ይህን ልትናገር አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። አባቷን አየችው። አባቷ ምንጣፍ ምንጣፉን እያየ "አጥፊው በቃ እናቴ፣ ሽማግሌ አታሳፍሪ" አላት።

አጠፋችው። ጋሽ በየነ መነጽራቸውን ካፎቱ አውጥተው መጥፋቱን በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ተመረቀ፣ "አሜን" ተባለ፣ ለስላሳ ተጠጣ፣ ተሄደ።

እኔ ይቅርታን የምሰብክ ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ስሰብከው ኖሬአለሁ፣ ነገም እሰብከዋለሁ። ነገር ግን የምትፈራ ልጅ አፍ ላይ የሚከደን ክዳን ይቅርታ ነው ብዬ አልሰብክላችሁም! እሱ ይቅርታ አይደለም። ዝም ማሰኘት ነው፤ ስሙን ቀይረንለት ነው እንጂ።

ልጁ ጸጥ አለ። ሰፈሩም "ምክር ሰማ" አለ። የት ሰምቶ! በሌላ ስም ሌላ አካውንት ከፍቶ ነው። ሴትን መናቅ ዕውቀት አድርገው የሚያስተምሩ ሰዎች አሉ በየስልኩ። ሰባኪዎች ናቸው እነሱም፤ ታዳሚያቸው ከእኔ ታዳሚ ይበልጣል፣ አንዱም ደግሞ አያንቀላፋባቸውም። "እንቢ ያለችህ ሴት አዋርዳሃለች፤ የተዋረደ ወንድ ዝም ካለ ወንድ አይደለም" እያሉ ጠዋት ማታ ይሰብኩታል። አቶ አሰግድ "ምንድን ነው የምታየው?" ብለው አልጠየቁትም። ጋሽ በየነም ተመልሰው "ልጄ፣ ልብህ እንዴት ነው?" አላሉትም። ምን ብለው! ጉልበት ተስሞ አልቋላ!

ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ረድኤት ከኮሌጅ ወጥታ ባጃጅ ትጠብቃለች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት መንገድ፣ ቢላ ይዞ መጣባት። ፊቷን ነበር የፈለገው። በእጇ መከተችው፤ እጇን ቆርጦ ፊቷንም አገኘው። አጠገቧ ቆመው የነበሩ ሴቶች ጮኸው ሰው ባይደርስላት ኖሮ ዛሬ የምነግራችሁ የቀብር ታሪክ ነበር።

ተረፈች። ጉንጯ ከጆሮዋ ግርጌ እስከ አገጯ ተሰፍቷል። የቀኝ እጇ ጣቶች አይጨበጡም፤ ሐኪሞቹም እንጃ ብለዋል።

መርማሪው ሆስፒታል መጥቶ አባትየውን ጠየቀው። "ከዚህ በፊት ዝቶባት ያውቃል?"

"አዎ።"

"በምን?"

"በስልክ። ጽፎ።"

"የታለ? አሳየኝ።"

አባትየው ምን ይበል? ሽማግሌ መርቆ አስጠፋን ይበል? የግሩፑ ልጆች ደግሞ ወሬውን እንደሰሙ ግሩፑን ከነጭራሹ አጥፍተውታል። ሲጠየቁ ሁሉም አንድ አፍ ሆነው "ድንገት ተናዶ ነው እንጂ እንዲህ ያለ ልጅ አልነበረም" አሉ።

ድንገት! የበሯን ፎቶ የለጠፈ፣ የሚያደርገውን ነገር በቃላት ዘርዝሮ የጻፈ፣ ያንኑ የጻፈውን ያደረገ ልጅ፣ ድንገት ተናዶ! ከዚህ በላይ ምን ይንገረን? ደብዳቤ አጽፎ ማኅተም ያስመታልን?

አሁን ልቤን የሚያንገበግበኝ ጋ ደረስኩ። ረድኤት መናገር ስትችል መጀመሪያ የጠየቀችው አባቷን ነው።

"አባዬ፣ ያን ዕለት አምነኸኝ ነበር?"

"እንዴት አላምንሽም ልጄ? አምኜሻለሁ እንጂ!"

"ታዲያ ለምን አጥፊው አልከኝ?"

አባትየውም "ሽማግሌ ፊት አፈርኩ" አላት። "ቤቴ ድረስ መጥተው እንቢ አለን እንዳይሉኝ ፈራሁ።" ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። በደህናው ጉንጯ በኩል ዞራ ተኛች።

እሷ ቢላ ፈራች። እሱ ሐሜት ፈራ። በዚያ ሳሎን የተሰማው የማን ፍርሃት ነው?

እናንተ የወንድ ልጅ አባቶች፣ እናንተ እናቶች፣ "የእኔ ልጅ አያደርገውም" የምትሉ፣ አቶ አሰግድም ከልባቸው እንደዚያ ብለው ነበር። ዛሬ ልጃቸውን የሚያዩት በወህኒ ቤት አጥር ላይ ተንጠልጥለው ነው። ያን ልጅ ያን ጊዜ አንድ ሰው ቆጣ ብሎ ቢይዘው፣ ሕግ ፊት ቢያቀርበው፣ ቁጭ አድርጎ ቢያናግረው፣ እሱም እኮ ይተርፍ ነበር! አድነነዋል ብለን ጣልነው። እሷንም እሱንም በአንድ ምርቃት ጣልናቸው።

እናንተ ወጣቶች፣ ኋላ ያላችሁት፣ አዎ እናንተን ነው! ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው። አንዱ ሲዝት የሳቀ ልጅ እዚህ አለ ወይስ የለም? እኔ ስም አልጠራም። እናንተ ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ያች የሳቅ ምስል ለእሱ "በርታ" ማለት ነበረች።

አንድ ወጣት ሰው በጎዳ ቁጥር ለቅሶ ቤት ተሰብስበን "እንዴት ሳናውቅ?" እንላለን። ነግሮን ነበር እኮ! ሴቶችን እየሰደበ ነገረን፣ እየዛተ ነገረን፣ እኛ "ጨዋታ ነው" አልነው። ሴት ላይ የተነገረ ዛቻ ጆሯችን ሲገባ ዛቻ መሆኑን ያጣል። ይህ የጆሮ ሕመም አይደለም፤ ኃጢአት ነው። ንስሐ የሚያስፈልገው ኃጢአት!

አሜን አትበሉኝ። ዛሬ አሜን አልፈልግም። የዚያ ሳሎን አሜን ይበቃኛል።

ይልቅ ቤታችሁ ስትገቡ ሴት ልጃችሁን ለብቻዋ ጥሯት። "የሚያስፈራሽ ሰው አለ?" በሏት። መጀመሪያ "የለም" ትላችሁ ይሆናል፤ አትቸኩሉ፣ አጠገቧ ቁጭ በሉ። ስልኳን አውጥታ ካሳየቻችሁ "ምን አድርገሽው ነው?" እንዳትሏት። ሽማግሌ ደጃችሁ ቢቆም፣ ዘመድ ቢቀየም፣ እኔም ራሴ መጥቼ ብለምናችሁ፣ በሩን ዝጉብኝና ወደ እሷ ተመለሱ። "አታጥፊው ልጄ፣ ተነሺ፣ አብረን እንሂድ" በሏት። ረድኤት ከአባቷ የጠበቀችው ይህን ብቻ ነበር።