ስድስት የምትጎርሰው ሽጉጥ

«ያቺ ሽጉጥ ከሽፋ አታውቅም።»

አለኸኝ ይህን ከማን እንደ ሰማ ቢጠየቅ አያስታውስም። ከሰማበት ቀን ጀምሮ ግን ለጎረቤቱም፣ ለቄሱም፣ ውሃ ሊቀዳ ለወረደውም ሁሉ ሲደጋግመው ሰነበተ። ዓርብ ገበያ ላይ አንድ የማዶ ሰው ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ይዞ ይቀመጣል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሽጉጧ ደግሞ ከሽፋ አታውቅም። ዛሬ ሰው ሌማት አራቁቶ ሳያመሰግን የተነሳ እንግዳ ሲያይ፣ ወይም እጅ መንሻውን ውጦ ጉዳዩን የረሳ ሹም ሲገጥመው የሚላት አንዲት አባባል አለች። አባባሏን የማያውቅ የለም። ከዚህ ከአለኸኝ ወሬ መወለዷን የሚያውቅ ግን ከሾላ በር ሰዎች በቀር እምብዛም ነው።

በዚያን ዘመን ሾላ በር ላይ ሙሽራ የምትወሰደው በተኩስ ነበር። የሙሽራው ወገን ደጅ ሲደርስ ሦስት ጊዜ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ የሙሽራዋ ወገን ከግቢው ሆኖ ሦስት ጊዜ ይመልሳል። የመለሰ ደጅ አንድ ነገር ይጠይቃል። «የደጅ ቃል» ይባላል፤ የሙሽራው ዘመዶች ቢመራቸውም እንቢ አይሉትም። መመለስ ያቃተው ደጅ ደግሞ «ዝም ያለ ደጅ» ይባልና ቃሉ ለእንግዶቹ ያልፋል።

ማንጠግቦሽ የምትጠይቀውን ቃል ከታጨችበት ቀን ጀምሮ በሆዷ ይዛዋለች። የእጮኛዋ የአድማሱ አገር ወንዝ ማዶ ነው፤ ወንዙ ክረምት ሲገባ ይሞላና መስቀል እስኪጠባ ሰው አያሻግርም። እናቷ ብርቄ ባሏን ቀብራለች፤ አሁን ደግሞ ዓይኗ እየፈዘዘ የእሳቱን ጭስ ከጉም መለየት ተስኗት ነበር። ያን ያህል ጊዜ ብቻዋን ልትተዋት ነው? ስለዚህ የማንጠግቦሽ ቃል አጭር ነበረች፦ ጎጆው ከወንዙ ወዲህ ይሠራ። አድማሱ ራሱ፣ «ደጁ ይናገር እንጂ እኔስ የትም አድራለሁ» ብሎ ልኮባታል። የማይወዱት ዘመዶቹ ናቸው።

ችግሩ ደጁ በምን ይናገር ነው። የአባቷ ጠመንጃ ለተዝካሩ ተሸጧል። በማንጠግቦሽ አነጋገር፣ ቤቱ ውስጥ የቀረ የሚጮህ ነገር ቢኖር አጎቷ አለኸኝ ብቻ ነበር።

ዓርብ ዕለት አጎትና የእህት ልጅ ገበያ ወረዱ። ከኋላቸው ዳሚት የምትባለው ጆሮዋ የተሰነጠቀ በቅሏቸው ትከተላለች።

«በዳሚት ልትለውጣት ነው?» አለች ማንጠግቦሽ። «ሙሽራ ልሆን እኮ ነው አጎቴ። በእግሬ ልሄድልህ?»

«ለሙሽራ በቅሎ የሚያመጣው የሙሽራው ወገን ነው። ሽጉጥ ግን አያመጣልሽም።»

እስከ ገበያው ድረስ አኩርፋ ሄደች።

ባለሽጉጡ ፈንቴ የሚባል፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ጎልማሳ ነው። ሽጉጧን ከጉያው አውጥቶ በነጠላው ላይ አጋደማት። ልባጧ እንደ አሮጌ ሲኒ ተልጧል፤ እጀታዋ በጠፍር ተጠምጥሟል። መሃል ላይ ያ የሚሽከረከረው ጎራሿ ጉብ ብሏል። ሰው ወዲያው ከበበ። በዓርብ ገበያ በሬ ሲሸጥ ጥርሱን የሚያይ፣ ሽጉጥ ሲሸጥም አስተያየት ያለው ሰው አይጠፋም።

አለኸኝ አፈሙዟን አሸተተና፣ «ባሩዷ ገና ትኩስ ነው» አለ። ብረቷን በምላሱ ነካ አድርጎ፣ «አይጎመዝዝም» ሲል መሰከረ። አንድ ሸማኔ ተቀብሎ ጎራሿን በጆሮው ሥር አሽከረከረውና፣ «የኔ መወርወሪያ እንኳ እንዲህ አትፈጥንም» አለ። ድሮ ወታደር ነበርኩ የሚል ሌላው ደግሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በአፈሙዟ ወደ ውስጥ ተመለከተ።

«ጨለማ ነው» አለ።

«ታዲያ መስኮት ፈለግህ?» አለው ፈንቴ፤ ሰው ሳቀ።

ማንጠግቦሽ አልሳቀችም። ሽጉጥ በእጇ ይዛ አታውቅም፤ ይህ ሁሉ ብልሃት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ማወቅ አሰኝቷት ጎንበስ አለች። ከስድስቱ ጉድጓዶች በአንደኛው ራስ ላይ በምስማር የተጫረች የምትመስል ምልክት አየች።

«ይቺ ጭረት ምንድን ናት?»

«እሷማ የአፏ ምልክት ናት» አለ ፈንቴ።

አለኸኝ ቀበል አድርጎ፣ «የሠሪው ማኅተም ነው» አላት። «የፈረንጅ ዕቃ ያለ ማኅተም አይሠራም። አትጠይቂ፤ እኔ እጠይቃለሁ።» ከዚያም ጉሮሮውን ጠረገ። «ስንት ትጎርሳለች?»

«ስድስት። ቁጠራት።»

«ከሽፋስ ታውቃለች?»

«እኔ እጅ ከገባች ወዲህ ከሽፋ አታውቅም። መስቀል አምጣና ልማልልህ።»

አለኸኝ ወደ ሰዉ ዞሮ «አላልኩም?» በሚል ዓይን አየ። የቀረው ቅምሻው ነው። በዚያ ገበያ ማር የሚገዛ ማሩን፣ ጠላ የሚገዛ ጠላውን እንደሚቀምስ ሁሉ፣ ጠመንጃ የሚገዛም አንድ ጥይት ተተኩሶለት ይቀምሳል። ጥይት ብርቅ ነውና ቅምሻ አይደገምም፤ የደገመ ለማኝ ይባላል። ፈንቴ አንዲት ጥይት አወጣ። ጎራሿን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ አዞረ፣ ሴት የእንስራ ጆሮ ወደ እጇ እንደምትመልስ። አጎረሳት፤ ወደ ሰማይ ቀስሮ ምላጩን ሳበ።

ገደሉ መልሶ እስኪያስተጋባ ጮኸች። አህዮች ገመዳቸውን በጠሱ፤ አንዲት ባለ በርበሬ ከነቁናዋ ተገለበጠች። «ወይ አፍ» አለ ሸማኔው።

«አንድ ጊዜ ድገሟት» አለች ማንጠግቦሽ።

አለኸኝ ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ሳባት። «ልታዋርጂኝ ነው? የጠላ ቅምሻ የሚደግም ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጠላ ሲቀመስ እኮ ጋኑ አንድ ነው። ይቺ ስድስት ጋን አላት።»

«መቼም ያንቺ ምላስ ከሽፎ አያውቅም» አለና የዳሚትን ልጓም ለፈንቴ አቀበለው። ፈንቴ የተባባሉትን ሰምቷል፤ ዓይኑ በሳቅ ጠፋ፤ ቃል ግን አልተነፈሰም። ስድስት ጥይት መርቆ ሰጣቸውና በቅሎዋን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ዳሚት አንገቷን እየመለሰች ታይ ነበር።

ቤት ከገቡ በኋላ ማንጠግቦሽ ሽጉጧን ደጋግማ አገላበጠቻት። ጭረት ያለበት ጉድጓድ ጥላሸት ጠግቦ ጠቁሯል። ሌሎቹ አምስቱ እንደ ታጠበ ብርሌ ያበራሉ።

«አጎቴ፣ ለምንድን ነው አንዱ ብቻ የጠቆረው?»

«አምስቱ ሳይነኩ፣ አዲስ እንደሆኑ ተቀምጠውልሻል ማለት ነዋ። ፈጣሪሽን አመስግኚ።»

ነገሩ ከጉሮሮዋ አልወርድ አላት። ግን ልትሞክራት ጥይት ልታባክን ነው፤ ደግሞም እናቷ ከምድጃው ዳር ሆና፣ «ጮኸች አላችሁ አይደል? እንግዲህ ደጃችን አፍ አገኘ» እያለች ስትደሰት ትሰማታለች። ያን ደስታ ማፍረስ ከበዳትና ተወችው።

የሰርጉ ዕለት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የሙሽራው ወገን በሆታ ደረሰ። ከደጁ ፊት ካለው ሾላ ሥር አያ ስንሻው ተቀምጠዋል። ሰውየው የሁለቱም ማዶ ሽማግሌ ናቸውና ደጅ የሚዳኙት እሳቸው ነበሩ። አለኸኝ አዲስ ጃኖ ለብሶ በግቢው መሃል ቆሟል፤ ስድስቱንም ጉድጓድ ጥይት አጉርሶ፣ «የሠሪው ማኅተም» ያላትን ጭረት ለክብሯ ወደ ላይ አድርጓል። ማንጠግቦሽ ተሸፍና ከመጋረጃው ኋላ ሆና፣ በቀዳዳ የአጎቷን እጅ ብቻ ታያለች።

ከውጭ የመጀመሪያው ጥይት ጮኸ። አለኸኝ ሽጉጧን አነሳ፤ ሽጉጧም ከጠመንጃው በልጣ ጮኸች። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። ብርቄ የልጇን እጅ ጭብጥ አደረገች።

ከውጭ ሁለተኛው ጮኸ። አለኸኝ ምላጩን ሳበ። ሽጉጧ «ቀጭ» አለች።

እንደገና ሳበ። ቀጭ። በመዳፉ መታት፤ እፍ አለባት፤ የአጥቢያውን ታቦት ስም ጠራባት። ቀጭ። ከውጭ አንድ ሰው፣ «ምነው፣ ቆሎ እየቆረጠማችሁ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቁ አጥሩን ዘለለ። አለኸኝ ላቡ በአፍንጫው እየወረደ ጎራሿ ዙሯን እስክትጨርስ ሳበ። አምስቱም አዳዲስ ጉድጓዶች ቀጭ፣ ቀጭ ከማለት በቀር የተናገሩት ነገር አልነበረም።

አያ ስንሻው ትንሽ ጠበቁ። አዝነውላቸው ነው የሚባለው፤ ሦስተኛውን ተኩስ በእጃቸው አግደው፣ «አለኸኝ፣ አለህ?» ብለው ጠየቁ። ድምፅ ሲጠፋ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ደጁ ዝም ብሏል። ቃሉ የእንግዶቹ ነው።»

የሙሽራው ወገን ሳይመካከር መለሰ፤ ቃሉ ቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። «ጎጆው ማዶ ይሠራል።»

ያኔ ሙሽራ አይናገርም የሚባለውን ወግ ረስታ ማንጠግቦሽ ከመጋረጃው ኋላ ድምፅዋን አሰማች። «ዝም ያለው ደጁ ነው። እኔ አይደለሁም።»

ሰዉ አጉረመረመ። አያ ስንሻው ግን አልተቆጡም። «ሰምቼሻለሁ ልጄ። የሚዳኘው ግን ደጅ ነው፤ ወጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ተይው» አለች ብርቄ ቀስ ብላ። «ክረምትም ያልፋል።» እጇን ግን አልለቀቀችም።

ደጁ ተከፈተ፤ እንግዶቹ ገብተው ተቀመጡ። ሙሽራዋ የምትቀመጥባት በቅሎ በወጉ መሠረት ከሁሉም ኋላ ነው የምትመጣው። እሷም አሁን ደረሰች፤ ግን የሚጎትታትን ሰው ራሷ እየጎተተች ነበር። ግቢውን አቋርጣ፣ ከድንኳኑ ካስማ ጋር ታግላ፣ በቀጥታ ከጓሮ ካለው ግርግም ሄዳ አፏን ከጭድ ውስጥ ከተተች። ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነው። ልጓሟን ይዞ ቁና ቁና የሚተነፍሰውም ፈንቴ ነው፤ ለካ የአድማሱ አጎት ኖሯል።

አለኸኝ ከተወሸቀበት ጥግ ተነሳ። «አንተ ሌባ። የማትተኩስ ሽጉጥ ሸጠህልኝ ዛሬ በሰው ፊት...»

«አልተኮሰችም?» ፈንቴ የምሩን ደነገጠ። «ሊሆን አይችልም። እስቲ አምጣት።» ተቀብሎ ገልበጥ አደረጋት፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ አለኸኝ አነሳ። «ስድስቱንም አጎረስካት እንዴ?»

«ስድስት ትጎርሳለች አላልከኝም?»

«ትጎርሳለች። ስንት ትተፋለች ብለህ መች ጠየቅኸኝ? እኛ ከአባቴ ጀምሮ የምናጎርሳት ይቺን ጭረት ያለባትን ብቻ ነው። በሌሎቹ ላይ መቺው ጠርዙን ነው የሚመታው፤ መሃሉን አያገኘውም። እሷን አጉርሰህ፣ ተኩሰህ፣ ቀለሃዋን አውጥተህ፣ እሷኑ መልሰህ ብታጎርስ እስከ ማታ ትተኩስልህ ነበር። ከሽፋ አታውቅም ያልኩህ መች ዋሸሁ?»

ማንጠግቦሽ በዚህ መሃል መጋረጃውን ገልጣ ወጥታለች። «ታዲያ አያ ፈንቴ፣ ያን ዕለት ድገሟት ስል ሰምተውኝ የለም? ለምን አልነገሩኝም?»

ፈንቴ መሬት መሬት አየ። «የኔ ልጅ፣ የወንድሜን ልጅ የምታገቢ መሆንሽን ባውቅ በነገርኩሽ ነበር። ያን ዕለት ግን በቅሎዋን እያየሁ ነበር።»

እጇን ዘረጋች። ፈንቴም ሳያንገራግር ሽጉጧን ሰጣት። ካልፈነዱት ጥይቶች አንዷን ከአንጸባራቂው ጉድጓድ አወጣች፤ ባዶውን ቀለሃ ከጠቆረው ፈልቅቃ ጣለች፤ አጎረሰችና ጭረቷን ወደ ላይ አዞረች። አፈሙዟን ወደ ሰማይ አድርጋ ሳበች።

ጮኸች። ሾላው ላይ የነበሩ ወፎች ተነስተው በወንዙ ላይ ዞሩ። ከዚያ ሁለተኛ አጎረሰችና ደግማ ሳበች፤ ያችም ጮኸች። ሁለቱ የጎደሉት መልሶች እነዚህ ነበሩ።

እልል ያለ ሰው አልነበረም። ብርቄ በፈዘዙ ዓይኖቿ ወደ ድምፁ ዞራ፣ «ደጃችን ነው?» ብላ ጠየቀች።

ማንጠግቦሽ ወደ አያ ስንሻው አየች። ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ቃል አንዴ ከተሰጠ በኋላ የሚመጣ ተኩስ ተኩስ እንጂ መልስ አይደለም። አለኸኝ ከጎናቸው ቆሞ፣ «ስድስት ጉድጓድ፣ ስድስት ጥይት፤ ሁሉንም በገዛ እጄ ነው ያጎረስኳት፤ ምን አጎደልኩ?» እያለ ይጠይቃቸዋል።

አያ ስንሻው በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ ሙሽራዋ በገዛ በቅሎዋ ላይ ስትወጣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳያነሱ ለአለኸኝ እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦ «ምንም አላጎደልክም ልጄ፤ ግን የጎረሰ ሁሉ አይተፋም።»