የ«አቤት» መመሪያ ለማን ይሰጥ?

በአንድ ወቅት፣ እምብዛም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ «አቤት» የሚባል የመልእክት መላላኪያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ሥራውን የጀመሩት ወይዘሮ ስመኝ ናቸው። «አቤት» ኔትወርክ ደከም በሚልባቸው የጣና ደሴቶችና ዳርቻዎች ሳይቀር ስለሚሠራ፣ ጀልባ ነጂው፣ ዓሣ አስጋሪው፣ መምህሩና የጤና ጣቢያ ሠራተኛው ሁሉ የሚጻጻፈው በእሱ ነበር።

ሁለት ስልኮች መልእክት እንዲቀባበሉ አስቀድመው የሚስማሙበት ደንብ ያስፈልጋቸዋል። ባለሙያዎች ፕሮቶኮል ይሉታል፤ የሐይቁ ሰዎች ግን «መስመር» ነው የሚሉት። «አቤት» ሁለት መስመር ነበረው። አሮጌው መስመር በማንኛውም ያረጀ ስልክ ይሠራል፤ ነገር ግን መልእክቱ ሳይቆለፍ ስለሚያልፍ ትንሽ የሚያውቅ ሰው መሀል ላይ ሆኖ ሊያነበው ይችላል። አዲሱ መስመር መልእክቱን ቆልፎ ነው የሚልከው፤ ሆኖም አፑ መታደስ አለበት፣ በጣም ያረጀ ስልክም አይቀበለውም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ስለምትወስደው መድኃኒት ለነርሷ የጻፈችው መልእክት በአሮጌው መስመር ሲያልፍ ተነበበ። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። ሴትየዋ መቀመጥ አቅቷት ቤቷን ጥላ ሄደች። ወይዘሮ ስመኝ ይህን ሲሰሙ ምሳቸውን ሳይበሉ ቀሩ። ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው፣ «አሮጌው መስመር ይዘጋል» አሉ። የተከራከራቸው አልነበረም።

መስመሩን መዝጋት ቀላል ነበር። አስቸጋሪው መመሪያው ነው። መመሪያው ሰው ግራ ሲገባው አፑ ውስጥ ከፍቶ የሚያነበው ጽሑፍ ሲሆን፣ ኔትወርክ በሌለበትም እንዲነበብ በየስልኩ ላይ ይቀመጣል። አሮጌው መስመር ያልተጠቀሰበት ምዕራፍ አልነበረውም። ወይዘሮ ስመኝ ሦስት ሰዎች መርጠው ሥራውን አካፈሏቸው። ስለ መገናኘት የሚያወራውን የመጀመሪያውን ክፍል ለአንማው፣ ስለ አሮጌው መስመር የተጻፉትን ምዕራፎች ለባንቺአምላክ፣ ስለ ቡድን መልእክት የሚያወራውን ለይታያል ሰጡ።

«መስመሩ ከመዘጋቱ በፊት የታደሰው መመሪያ ያረጁትን ጨምሮ በየስልኩ መድረስ አለበት» አሏቸው። «አሮጌው መስመር እንደሌለ ሰው ሁሉ ይወቅ። እንዴት እንደምታደርጉት እናንተ ታውቃላችሁ።»

አንማው ቁጥብ ሰው ነው። በአንድ ቃል የሚያልቀውን በሁለት አይናገርም። ደርሶት የነበረውን ረጅም ክፍል ከላይ እስከ ታች አነበበና አሮጌውን መስመር የሚመለከተውን ሁሉ ነቅሎ ጣለው። በምትኩ መግቢያው ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ስልክህ ‹በመገናኘት ላይ› ብሎ ከቀረ አትጠብቅ። አይገናኝም። ሌላ መንገድ ፈልግ።» ሌላ ምንም አልጨመረም። የተጨነቀ ሰው ረጅም ነገር አያነብም ብሎ ያምን ነበር።

ባንቺአምላክ ደግሞ መጣል የማይሆንላት ሴት ናት። የተሰጧት ምዕራፎች መጥፋት እንዳለባቸው ታውቃለች፤ ግን ጠቋሚውን ማጥፊያው ላይ አድርጋ እጇ አልታዘዝ አላት። «እሺ፣ መስመሩ ተዘጋ» አለች ለአንማው። «ስልኩ ውስጥ ያለው የሰው ነገርስ? የወዳጅ ቁጥር፣ የድሮ መልእክት፣ ያን በምን ያወጡታል?» አንማው ትከሻውን ሰበቀ። እሷም ምዕራፎቹን ከዋናው መመሪያ አውጥታ መጨረሻ ላይ «የድሮው አሠራር» የሚል ክፍል ከፈተችና እዚያ አኖረቻቸው። «ይህ መስመር ተዘግቷል፤ አደገኛም ነው» ብላ በቀይ ጻፈችበት። ለወይዘሮ ስመኝ ግን አልነገረቻቸውም።

ይታያልን ወንበር አያቆየውም። የቡድን መልእክቱን ምዕራፍ ከፍቶ ሁለት ዐረፍተ ነገር እንኳ ሳይጽፍ ተነሣ። «መመሪያ የሚያነበው ማነው? ሰው የሚማረው ሲያሳዩት ነው» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ ወደቡ ወረደ። ከጀልባ ጀልባ እየተሳፈረ፣ ዓሣ በሚራገፍበት ቦታ እየተቀመጠ፣ የጀልባ ነጂዎቹን ስልክ እየተቀበለ አፑን አደሰላቸው፤ አዲሱን የነጂዎች ቡድንም ከፍቶ እንዴት እንደሚጻፍበት አሳያቸው። ምዕራፉ ባዶውን ቀረ። ነጂዎቹን እንደጨረሰ ወደ ደሴቶቹ ጤና ጣቢያዎች ሊያልፍ ነበር፤ ሐይቁ ግን ተናወጠና ሳይሻገር መስመሩ የሚዘጋበት ቀን ደረሰ።

መስመሩ ተዘጋ።

ከደሴቶቹ በአንዷ ላይ ሲስተር ዘርትሁን የምትባል ነርስ ነበረች። ለሥልጠና ሄዳ ሰንብታ መመለሷ ስለነበር መስመሩ መዘጋቱን አልሰማችም። የጤና ጣቢያው ስልክ ደግሞ ካረጁት ነው። በተመለሰች ማግስት ረፋዱ ላይ አትጠገብ የምትባል ወላድ ልጇን በሰላም ተገላገለች፤ ደሟ ግን አልቆም አለ። ሲስተር ዘርትሁን ያላትን መርፌ ወጋቻት፣ የምታውቀውን ሁሉ አደረገች። ደሙ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። አትጠገብ ሞተር ባለው ጀልባ ባሕር ዳር ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ነርሷ እንደ ልማዷ ለጀልባ ነጂዎቹ ልትጽፍ «አቤት»ን ከፈተች። ስልኩ «በመገናኘት ላይ» አለ። ዘጋችና ከፈተችው። «በመገናኘት ላይ» አለ። የአትጠገብ ባል አዝመራው በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሲስተር፣ ምን አሉ?» ይላል።

«ኔትወርኩ ነው መሰለኝ፤ ትንሽ እንጠብቅ» አለችው። ከዚህ በፊትም ስልኩ እንዲህ ያደርጋት ነበር፤ ስትታገሠው ይመለሳል። ግን አንድ ነገር ከነከናትና መመሪያውን ነካችው። የአንማው ጽሑፍ ፊቷ ላይ ወጣ። አትጠብቅ። አይገናኝም። ሌላ መንገድ ፈልግ።

«አዝመራው፣ መጠበቁን ተወው!» አለች። «ስልክ መደወል አለብን።»

«ለማን?»

እውነቱን ነው። የአንድም ነጂ ቁጥር በቃሏ አታውቅም። ስማቸውም ቁጥራቸውም ያለው «አቤት» ውስጥ ነው፤ «አቤት» ደግሞ ካልተገናኘ የወዳጆችን ዝርዝር አይከፍትም። መመሪያውን ወደ ታች ገፋችው፤ መጨረሻው ላይ የባንቺአምላክ «የድሮው አሠራር» ተገኘ። አሮጌው አፕ በውስጡ ያስቀመጣቸው ቁጥሮች ሳይገናኝም በምን በኩል እንደሚወጡ ደረጃ በደረጃ ተጽፏል። እየተከተለች ነካካችው። ከነጂዎቹ የአለልኝ ቁጥር ወጣ፤ የሙጨ ወጣ፤ የሌሎቹም ወጣ።

ስልክ የሚይዝበት ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጥታ ደወለች። የሙጨ ተዘግቷል። ሌላውም ተዘግቷል። አለልኝ አነሣ።

«አለልኝ፣ ሲስተር ዘርትሁን ነኝ። አትጠገብ ወልዳ ደሟ አልቆም ብሎኛል። የት ነህ?»

«ወይኔ! ጎርጎራ ነኝ እኮ ሲስተር፤ እኔ እስክደርስ ይመሻል። ቆይ፣ አይዞሽ፣ ለነጂዎቹ ልጆች ልጻፍላቸው።»

አለልኝ ይታያል በከፈተላቸው አዲስ ቡድን ውስጥ፣ «ደሴቷ አጠገብ ማን አለ? ወላድ አለች፤ ፍጠኑ» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሳይቆይ ሙጨ መለሰ። የሚደወልበት ቁጥሩን ከቀየረ ሰንብቷል፤ በቡድኑ ውስጥ ግን አለ። ከደሴቷ ትንሽ ራቅ ብሎ እንጨት ጭኖ እያለፈ ነበር። እንጨቱን ዳር ላይ አራግፎ መጣ። አትጠገብን በቃሬዛ አወረዷት፤ ሲስተር ዘርትሁን ሕፃኑን ታቅፋ አጠገቧ ተቀመጠች። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ አይቷት፣ «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ አልደርስላትም ነበር» አለ።

አትጠገብ ዳነች።

በርትታ ከቆመች በኋላ ከባሏና ከነርሷ ጋር ሆና ልጇን ይዛ ወደ ወይዘሮ ስመኝ ቢሮ ለምስጋና መጣች። ሲስተር ዘርትሁን የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከችላቸው። ወይዘሮ ስመኝ ስለ «የድሮው አሠራር» የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ባንቺአምላክን አዩዋት። እሷም መሬት መሬት አየች። አልተቆጧትም፤ አላመሰገኗትምም።

«ልጄ፣ በመዳንሽ ደስ ብሎኛል» አሉ አትጠገብን እያዩ። «ነገር ግን የሰማሁት ሌላም አለ። ተቀመጡና ስሙኝ።»

ከዚያም ተናገሩ። አንማው አሳጥሮ በጻፈው ምክንያት በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች «አይገናኝም» የሚለውን ሲያነቡ «አቤት» ራሱ የፈረሰ መስሏቸው አፑን ከስልካቸው አጥፍተዋል፤ እስካሁን አልተመለሱም። ባንቺአምላክ ባኖረችው ክፍል ውስጥ ደግሞ ሁለት አሮጌ ስልኮችን በቀጥታ የማገናኛ ዘዴም ተጽፎ ነበር። ሁለት እጮኛሞች ቀዩን ማስጠንቀቂያ አልፈው በእሱ ሲጻጻፉ ሌላ ሰው አነበበባቸው፤ ነገሩ ገበያ ወጣ፣ ጋብቻውም ፈረሰ። ይታያል ባዶ የተወው ምዕራፍም አለ። እሱ በወባ ተኝቶ በነበረበት ሰሞን አንዲት መምህርት የተማሪዎቿን ወላጆች በቡድን ልታሰባስብ ምዕራፉን ብትከፍት አንድም ነገር አላገኘችም፤ ብትደውልለት ስልኩ አይነሣም። ጎርፍ መጥቶ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ያልሰሙ ልጆች በውኃ ውስጥ ተጉዘው መጡ። እግዜር ይመስገን፣ የተጎዳ አልነበረም።

 አትጠገብ የሚነጫነጨውን ሕፃን እቅፏ ውስጥ ወዘወዘችው።

«እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ ስመኝ፣ «ዓይኔ ስክሪን ማየት እንቢ እያለኝ ነው፤ ሐኪሙም ከልክሎኛል። ሥራውን ላቆም ነው። ዛሬ አዲስ የምንለው መስመርም ነገ ያረጅና ይዘጋል፤ ያን ጊዜ እኔ የለሁም። መመሪያውን ለአንዳችሁ ሰጥቼ ልሂድ።»

«ሦስታችንም አብረን ብንይዘውስ፣ እትዬ?» አለ ይታያል።

«አብራችሁ ስትይዙት ያየነው ነው። ሦስት ሰው ሦስት መመሪያ ጻፈ። አንድ ሰው ይያዘው፤ ሌሎቹ ይታዘዙት። እስቲ ንገሩኝ፣ ቢሰጣችሁ መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድነው?»

«የባንቺን ክፍል አጠፋለሁ» አለ አንማው።

አዝመራው ደነገጠ። «ሚስቴን ያተረፈውን?»

«አዎ፣ ወንድሜ። ባለቤትህን አትርፏል፤ ደስ ብሎኛል። የተዘጋ በር ግን ቁልፉ አጠገቡ ተሰቅሎ አይተውም። ከእሱ ይልቅ የእኔን ጽሑፍ አስተካክላለሁ፤ ሁለት ቃል ብጨምርበት ዓሣ አስጋሪዎቹ አይሄዱም ነበር።»

«እኔ አላጠፋም» አለች ባንቺአምላክ።  «የእነዚያ ልጆች ጋብቻ እንቅልፍ ይነሣኛል። ማገናኛውን ዘዴ ነቅዬ አወጣዋለሁ። የቀረው ግን ይቆያል። ማን መቼ ምን እንደሚያስፈልገው እኔ ከየት አውቄ ነው የምጥለው?»

ይታያል ፈገግ አለ። «እኔን ከጠየቃችሁኝ ከጽሑፉ አልጀምርም። ጀልባ ስጡኝና ያልደረስኩባቸውን ደሴቶች ልዙር። ሲስተር ጋ ቀደም ብዬ ደርሼ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ይቀየር ነበር፤ ይሄ ሁሉ ጭንቅ ባልመጣ።»

«ታመህ ስትተኛስ?» አለው አንማው።



ወይዘሮ ስመኝ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እናንተስ ምን ትላላችሁ? ነገሩ የደረሰው በእናንተ ላይ ነው።»

አዝመራው ወዲያው፣ «ለይታያል ነዋ! ጀልባው ባይመጣ ቁጥሩ ምን ይሠራ ነበር?» አለ።

ሲስተር ዘርትሁን ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እኔ ያን ቀን ስልኩን አምኜ ልቀመጥ ነበር። ከወንበሬ ያስነሣኝ የአንማው ጽሑፍ ነው። እሱ ባይኖር ቁጥሩንም አልፈልግም፣ ጀልባውም አይጠራም ነበር።»

«ቁጥሩን ባታገኚስ?» አላት አዝመራው።

«እሱም አለ» አለች።

አትጠገብ ልጇን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። «እኔ ያን ቀን ማን ምን እንዳደረገ አላየሁም» አለች። «የጀልባው ድምፅ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ። ደግሞም ጋብቻዋ የፈረሰባት ልጅ እዚህ ብትኖር የምትለው ሌላ ነው። እኔ ስለ ዳንኩ ብቻ ፍርድ ልስጥ?»

ወይዘሮ ስመኝ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። መመሪያውን ለማረም የሚያስፈልገው የይለፍ ቃል በእጃቸው ነው፤ ሦስቱም ይጠብቃሉ፤ አንዱ ከተቀበለው ሁለቱ እሱ ባለው ይሄዳሉ።

ነገሩ እስከዚህ ነው። እኔ ስተርክ ለማንም አላደላሁም፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው። አንዱ የማይጠቅመውን ቆርጦ ጣለ፣ አንዷ ሊጠቅም የሚችለውን አቆየች፣ አንዱ ጽሑፉን ትቶ ወደ ሰዎቹ ሄደ። ሦስቱም አትርፈዋል፣ ሦስቱም ጎድተዋል። በወይዘሮ ስመኝ ቦታ ብትሆኑ የ«አቤት»ን መመሪያ ለማን ትሰጡ ነበር?