መነጽር ውስጥ የተሠራው መወጣጫ

አንድ ቀን፣ አቃቂ አካባቢ ያለ የጫማ ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ስንሻው፣ ለሠራተኞች ማሠልጠኛ የሚሆን መነጽር አስመጡ። መነጽሩ ዓይንን ግጥም አድርጎ ይሸፍንና ሰውየውን ከተቀመጠበት ሳይነሳ ፋብሪካው ውስጥ የገባ ያስመስለዋል። ማሽኑ ይታያል፣ ቢላዋው ይታያል። ጣቱን ቢላዋው ሥር ቢያስገባ እንኳ ቀይ መብራት ይበራል እንጂ ደም አይፈስም። አቶ ስንሻው በዚህ በጣም ተደሰቱ። ደም ካልፈሰሰ ፋሻ አይገዛማ!

ደጊቱ ሥልጠናውን ከጨረሱት አንዷ ናት። አንድ እግሯ ስለማይታዘዛት በክራንች ነው የምትሄደው። ሥልጠናው ግን አላስቸገራትም። መነጽሩ ውስጥ እስከ ስፌት ክፍሉ ድረስ ደረጃ የሌለው፣ ለጥ ያለ መወጣጫ ተሠርቶላታል። በእውነተኛው ፋብሪካ ግን ስፌት ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ መውጫውም ገደል የመሰለ የብረት ደረጃ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጓደኞቿ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ እልል እያሉ ተሸክመው ያወጧታል።

«ሙሽሪት መጣች! መንገድ ልቀቁ!»

እሷም እንደ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ትስቃለች።

አንድ ጠዋት አቶ ስንሻው ይህን አዩ።

«ይሄ ፋብሪካ ነው ሠርግ ቤት? ሁለተኛ ሲሸከማት ያገኘሁት ሰው አብሯት ይሰናበታል!»

«ታዲያ በምን ልውጣ ጋሼ?» አለች ደጊቱ። «ትንሽ መወጣጫ ቢሠራልኝ…»

«መነጽሩ ውስጥ አሠርቼልሽ የለም እንዴ? ያውም ሰፊ! ያውም የሚያምር! ሰው ምስጋና አያውቅም። ስሚ፣ ነገ ከመንግሥት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። ደወል ሲደወል ማሽንሽ ጋ ካላገኘሁሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ!»

ደጊቱ ያን ሥራ ያገኘችው ስንት በር አንኳኩታ ነው። ቤቷ ገብታም እንቅልፍ አልወሰዳትም።

በማግሥቱ እንግዶቹ መጡ። አቶ ስንሻው ፎቅ አውጥተዋቸው፣ «እኛ ጋ ማንም ከማንም አይለይም፤ በመነጽር ሁሉም እኩል ይሠለጥናል» እያሉ ሲያስረዱ ደወሉ ተደወለ። የደጊቱ ወንበር ባዶ ነው።

«እዚህ ጋ የምትሠራው የታለች?» አለች አንዷ እንግዳ።

«አይ፣ እሷ እንኳ ሰነፍ ናት» አሉ አቶ ስንሻው። «መቼም አንዳንዱን ብታሠለጥኑትም…»

ይህን እያሉ እየተቆጡ ወደ ደረጃው አፍ ሄዱ። እንግዶቹም ተከተሏቸው። ቁልቁል ሲያዩ ደጊቱ ከደረጃው ግርጌ ተቀምጣለች። ክራንቿን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ የማሠልጠኛውን መነጽር ዓይኗ ላይ አጥልቃ፣ በባዶ እጇ አየሩን ትሰፋለች።

«አንቺ!» ብለው ጮኹ። «ደወሉን አልሰማሽም? ፎቅ ውጪ አላልኩሽም?»

ደጊቱ መነጽሩን ሳታወልቅ፣ በትሕትና ቀና አለች።

«ወጥቻለሁ እኮ ጋሼ! ባሠሩልኝ መወጣጫ ቀስ ብዬ ወጥቼ፣ ይኸው ማሽኔ ጋ ቁጭ ብያለሁ። እውነትዎን ነው፣ ሰፊ ነው። ካላዩኝ እርስዎም መነጽር ያድርጉ።»

ብዙም ሳይቆይ ከደረጃው ጎን እውነተኛ መወጣጫ ተሠራ። ሪባኑን የቆረጡት አቶ ስንሻው ናቸው። ደጊቱ በክራንቿ ቀድማ ስትወጣበት ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ አቶ ስንሻውም ለሳቸው መስሏቸው እጅ ነሱ።